የአሥራ አንዱ ቤት ሰላምታ

በዚያ ዓመት ሙቀቱ በሚያዝያ ጀመረ። በግንቦት ሁለት ሠራተኞች መስፉ አጠገብ ወደቁ፤ አንዱ አልተነሣም። መብራት በቀን ለአሥር ሰዓት ያህል ይጠፋል። ጋዝ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ይመጣል። የቧንቧ ውኃ ጠዋት ትንሽ ተንጠባጥቦ ይቆማል። ከጎዳናችን አራት ጎልማሶች ሥራ ፍለጋ ወደ ዱባይ ሄዱ። ከዒድ አል-አድሃ በኋላ ደግሞ የምንልከው ደብዳቤ እየተመለሰ ይመጣብን ጀመር።

ፓኪስታን፣ ሲያልኮት ከተማ ውስጥ የእኛ ጎዳና አንድ ዋና በር አለው። ከበሩ ውስጥ አሥራ አንድ ወርክሾፕ አለ። የምንሠራው የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ነው፦ መቀስ፣ መቆንጠጫ፣ መርፌ መያዣ። ገዢዎቻችን ባሕር ማዶ ናቸው። የምንገናኘው በኢሜይል ነው። ኢሜይሉ ካልሄደ ብረቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

እኔ ሜህር ዲን እባላለሁ፤ ጎዳናው ቻቻ፣ አጎቴ፣ ይለኛል። በሀጂ ታጃሙል ቤት አርባ አራት ዓመት ዕቃ አሽጌአለሁ። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛ አላነብም። ግን የጎዳናው ሣጥን ሁሉ በእጄ ስለሚያልፍ፣ የአሥራ አንዱን ቤት ስም በየሣጥኑ ላይ በቀለም ስጽፍ ስለኖርኩ፣ የፊደሎቹን መልክ የልጆቼን ፊት ያህል አውቀዋለሁ።

ሀጂ ታጃሙል የጎዳናው ትልቅ ሰው ናቸው። ከአሥር ዓመት በፊት አንድ ሰርቨር ገዝተው በቢሯቸው ጓዳ አስቀመጡ። የሁላችንም ኢሜይል በእሱ በኩል እንዲወጣ ፈቀዱ። ከማንም ምንም አልተቀበሉም። «ለአንድ ጎዳና አንድ ጉድጓድ ይበቃዋል» አሉ። መልካም ሰው ናቸው። ችግሩም የመጣው ከመልካምነታቸው ነው።

በየዓመቱ ወደ ጀርመን ለንግድ ትርኢት ይሄዳሉ። እዚያ የሰበሰቡትን የአድራሻ ካርድ ሲመለሱ ለእኔ ይሰጡኛል። እኔ በብስኩት ቆርቆሮ አስቀምጣለሁ። የሃያ ሁለት ዓመት ካርድ ስድስት ቆርቆሮ ሞላ። ለዒዱ ጠሩኝ።

«ሜህር ዲን፣ ቆርቆሮዎቹን አምጣ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ዘንድሮ ሰላምታዬ ያልደረሰው ሰው አይኖርም።»

የቢሮው ጸሐፊ ሦስት ሳምንት ሙሉ ካርዶቹን ወደ ኮምፒውተር ገለበጠ። ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ አድራሻ ሆነ። የዒዱ ዕለት «እንኳን አደረሳችሁ» ለሁሉም ሄደ። አረንጓዴ ጨረቃ ነበረበት። ሀጂ በጣም ደስ አላቸው። ስለዚህ በየዓርቡም «የተባረከ ጁምዓ» እንዲላክ አዘዙ። ማሽኑ ሳይታዘዝ ራሱ ይልከው ጀመር።

በሁለተኛው ሳምንት የሁላችንም ደብዳቤ ከየሄደበት ተመለሰ።

ሳፉራ ከጎዳናው ጫፍ ባለችው ትንሽ ወርክሾፕ ትሠራለች። አባቷ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ሰባት ሠራተኞች አሏት። የምትሠራው ለዓይን ቀዶ ሕክምና የሚሆን መርፌ መያዣ ነው፤ ቀጭን፣ እንደ ወፍ ምንቃር። እንዲህ ያለ ሥራ ከእሷ በቀር በጎዳናው የሚሠራ የለም። ያን ማክሰኞ ወደ ሀጂ ቢሮ ስትገባ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቷል፤ ልብ አላለችውም።

«ሀጂ ሳሂብ፣ ኖርዌይ ያሉት ገዢዎች ናሙናዬን ተቀበሉት» አለች።

«አልሐምዱሊላህ! ታዲያ ፊትሽ ምን ሆነ?»

«የማረጋገጫ ደብዳቤ ይፈልጋሉ። እስከሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ፣ በእነሱ ቀትር፣ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት። አራት ጊዜ ላክሁ፤ አራት ጊዜ ተመለሰ። ስልክ ደወልኩ። ሴትዮዋ ‹ሕጋችን በጽሑፍ ነው፤ ባስመዘገብሽው አድራሻ ካልመጣ ለቀጣዩ ተወዳዳሪ እንሰጣለን› አለችኝ።»

«በሌላ አድራሻ ብትልኪስ?»

«አይቀበሉም። ሀጂ ሳሂብ፣ ይሄ ካመለጠኝ ምድጃዬን አጠፋለሁ። ሰባቱንም ሰው አሰናብታለሁ። ሌላ ሥራ የለኝም።»

ሀጂ ዋጃሀትን አስጠሩ። ዋጃሀት ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ አርባ ዓመት የሞላው፣ ሆዱ ከሱሪው ቀድሞ የሚገባ ሰው። ጓዳው ገብቶ አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። ሲወጣ ላቡን በክርኑ ጠረገ።

«ጥቁር መዝገብ ውስጥ ገብተናል» አለ።

«ምን መዝገብ?» አሉ ሀጂ።

«በዓለም ላይ መጥፎ ደብዳቤ የሚልኩትን እየተከታተሉ የሚመዘግቡ ሰዎች አሉ። ደብዳቤ ተቀባዮቹ መጀመሪያ መዝገቡን ያያሉ። የዚህ ሰርቨር ቁጥር ካለበት በሩን ይዘጋሉ። አይከፍቱም፣ አያነቡም።»

«የእኔ ደብዳቤ መጥፎ ነው?» አለች ሳፉራ። «እኔ በሕይወቴ ለአንድ ሰው እንኳ ‹እንኳን አደረሰህ› ብዬ ጽፌ አላውቅም።»

«ባጂ፣ እኅቴ፣ ከስንዴ ጋር ነቀዝም ይፈጫል።»

«እኔን ነው ነቀዝ ያልከኝ?»

«ኧረ ስንዴዋ አንቺ ነሽ! ነቀዙ...» ዋጃሀት ወደ ሀጂ አየና ንግግሩን ዋጠው።

«ማነው ነቀዙ?» አሉ ሀጂ።

«ሙቀቱ ነው ሀጂ ሳሂብ። ሙቀቱ ያስለፈልፈኛል።»

እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር። የተባለው ነገር አዲስ አልሆነብኝም።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ በመንደራችን። አጎቴ ተራው ሳይደርስ የመስኖውን ክትር ሰብሮ ውኃውን ወደ እርሻው ለቀቀ። የመንደሩ ሽማግሌዎች ጋያና ውኃ ከለከሉት። ከዚያ ወዲያ ማንም አብሮት ጋያ አያጨስም፤ እሱም ከመንደሩ ጉድጓድ አይቀዳም። አጎቴ ካደ። ሲክድ ክልከላው በአንድ ግቢ ወደምንኖረው ወደ እኛ አለፈ። ቀጥሎ ወተት ወደ ሸጠልን ጎረቤት። አባቴ በየደጁ እየቆመ «እኔ አልሰበርኩም» እያለ ይምል ነበር። ስምንት ወር ማለ። የሚሰማው አልነበረም፤ ክትሩን ስለ ሰበረው ሰው እንጂ ስላልሰበረው ማንም አልጠየቀም።

ክልከላው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን፣ በሰኔ ቀትር፣ አንጥረኛው ጉላብ ማድጋ በትከሻቸው ተሸክመው መጡ። በጓሮ በኩል አልመጡም። በዋናው መንገድ፣ ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት ዛፍ ፊት ለፊት አለፉ። ማድጋውን ደጃችን አስቀምጠው ምንም ሳይናገሩ ሄዱ። ስምንት ወር፣ በየቀኑ። ከደንበኞቻቸው እኩሌታው ማረሻውን ወደ ሌላ አንጥረኛ ወሰደ። አባቴ ሲሞት «የጉላብ ውኃ ዕዳ በእኛ ላይ ነው» አለኝ። ሌላ ኑዛዜ አልነበረውም።

በኋላ ጉላብ ወደ ከተማው መጥተው በዚህ ጎዳና ወርክሾፕ ከፈቱ። እኔም መጣሁ። በየዓመቱ ፍየል ልወስድላቸው፣ ጉልበቴን ልሰጣቸው ሞከርኩ። ሁልጊዜ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ውኃ ይሸጣል እንዴ?» ሞቱ። ልጃቸውም ሞተ። ሳፉራ የልጃቸው ልጅ ናት። ስለ ውኃው አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም።

ረቡዕ ዕለት ጎዳናው ሁሉ በጎዳናው ልማድ ተነሣ። ዋጃሀት መዝገቡን ለያዙት ሰዎች ማመልከት እንደሚቻል ሲናገር አሥራ አንዱም ቤት ሰማ። ማንም ማንንም አልጠበቀም። አንዱ ሦስት ጊዜ አመለከተ፤ ሌላው ሰባት ጊዜ። አንዱ ልጁ ሐኪም እንደ ሆነች ጻፈ። አንዱ በቁርኣን ማለ። አንዱ ጎረቤቱን ከሰሰ። እስከ ዓርብ ስልሳ ሦስት ማመልከቻ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ለሁሉም አንድ መልስ መጣ። ዋጃሀት አነበበልን፦ «ምክንያቱ ሳይወገድ መጠየቃችሁን ከቀጠላችሁ ማመልከቻችሁን አንመለከትም።»

ያን ዓርብ ጠዋትም ማሽኑ ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ «የተባረከ ጁምዓ» ልኮ ነበር። ማንም ልብ አላለውም።

ቅዳሜ ዋጃሀት ለሳፉራ መላ አመጣ። «ባጂ፣ ከዚህ ጉድጓድ አውጥቼ ላሆር ወዳለ ሰርቨር እወስድሻለሁ። ቁጥሩ ንጹሕ ነው። ስምሽ ያው ስምሽ ነው፤ ኖርዌዮቹም ያውቁታል።»

«ዛሬውኑ?»

«ማንጎ ካበላሽኝ ዛሬውኑ።»

ሦስት ማንጎ በላ። ሥራው ግን እስከ እሑድ ጠዋት ፈጀ። እሑድ ጠዋት ሳፉራ ደብዳቤዋን በአዲሱ ሰርቨር ላከች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰ። ዋጃሀት መልሱን ደጋግሞ አነበበው።

«ቁጥሩን አይደለም የከለከሉት» አለ። «ስሟን ነው። ዶሜይኗ፣ የኢሜይል አድራሻዋ ስም፣ ራሱ ተመዝግቧል። ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ከስሟ አንድም መጥፎ ደብዳቤ አልወጣም።»

ሳፉራ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። መርፌ መያዣውን ከኪሷ አውጥታ ትከፍተዋለች፣ ትዘጋዋለች።

«አራት ቀን» አለች።

«ዋጃሀት፣» አልኩ፣ «ያን ሰላምታ አይተኸዋል?»

«የሀጂን? ምኑን አያለሁ ቻቻ፣ ጨረቃ ነው።»

«በወረቀት አውጣልኝ።»

«አያነቡትም እኮ።»

«አውጣልኝ አልኩህ።»

አወጣው። ከላይ ጨረቃ አለ። ከሥሩ ጽሑፍ። ጽሑፉን አለፍኩት። ሣጥን ሳይ የለመድኩት ግርጌውን ነው፤ የላኪው ስም የሚጻፈው እዚያ ነው። ከግርጌው ትንንሽ ፊደሎች ተደርድረዋል። በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ መሥመር። ሦስተኛውን አውቀዋለሁ፤ ሁለት ክብ ያለው፣ መጨረሻው እንደ ጅራት የሚዞር። ለስድስት ዓመት በሳፉራ ሣጥን ላይ ጽፌዋለሁ፤ ከዚያ በፊት በአባቷ፣ ከዚያ በፊት በጉላብ።

«ይቺ ማናት?» አልኩት።

ዋጃሀት ጎንበስ አለ። አፉ ተከፈተ። «የእሷ ስም ነው። የሁሉም ስም አለ። የአሥራ አንዱም ቤት ድረ ገጽ ከግርጌው ተለጥፏል።»

«ማን ለጠፈው?» አለች ሳፉራ።

«ሀጂ ናቸው» አልኩ። «ብቻቸውን ሰላም ማለት ነውር መስሏቸው በሁላችንም ስም ሰላም አሉ።»

ዋጃሀት ግንባሩን መታ። «ለዚህ ነው! ሰላምታው በደረሰበት ሁሉ ስሟ አብሮ ደርሷል። መዝጋቢዎቹ ቁጥሩን ብቻ አልያዙም፣ ከግርጌ ያገኙትን ስም ሁሉ ይዘዋል። ላሆር ብትሄድ፣ መካ ብትሄድ ያው ነው።»

«እኛም ሌላ መንደር ውኃ ልንቀዳ ሄደን ነበር» አልኩ። «በባልዲያችን አወቁን።»

ሁለቱም ምን እንደምል አልገባቸውም። ወረቀቱን አጥፌ ወደ ሀጂ ሄድኩ።

ሀጂ ምሳ እየበሉ ነበር። ምስርና ሽንኩርት። ወረቀቱን ከሣህኑ አጠገብ አስቀመጥኩ።

«ሀጂ ሳሂብ፣ ይህን ያቁሙት።»

«ሰላምታ?» ሳቁ። «ሜህር ዲን፣ ሰላምታ ከመቼ ጀምሮ ወንጀል ሆነ?»

«የሀምቡርጉን ዶክተር ያስታውሳሉ? ረጅሙን፣ ሻይ በጨው ጠጥቶ ያሳቀንን?»

«ነፍሱን ይማር። ደግ ሰው ነበር።»

«ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የኀዘኑን ካርድ ያሸግሁት እኔ ነኝ። በዚህ ዒድ ‹እንኳን አደረሰህ› ብለነዋል። ከዚያም ሦስት ዓርብ ‹የተባረከ ጁምዓ› ብለነዋል።»

ሀጂ ጉርሻውን አስቀመጡ።

«ዋጃሀት እንደሚለው፣» አልኩ፣ «የሞተ ሰው አድራሻ ባዶ ቤት ነው። መዝጋቢዎቹ ባዶ ቤት ውስጥ ተደብቀው ማን እንደሚያንኳኳ ያያሉ። ባዶ ቤት የሚያንኳኳ ሌባ ነው ይላሉ። እኛ ስንቱን ባዶ ቤት አንኳኳን? የሳፉራን እጅ ይዘን አንኳኳን።»

«እኔ ክፉ አላሰብኩም።»

«አላሰቡም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ይጻፉላቸው። ‹እኔ ነኝ ያደረግሁት› ይበሉ።»

ፊታቸው ጠቆረ። ተነሡ። «እኔ ታጃሙል፣ የጎዳናው ሊቀ መንበር፣ መልኩን ለማላውቀው ፈረንጅ ጥፋተኛ ነኝ ልበል? ስልሳ ሦስት ማመልከቻ ሄዷል። አይበቃም?»

«ስልሳ ሦስቱም ‹እኔ አይደለሁም› ነው የሚለው። አባቴም ስምንት ወር እንዲያ አለ።»

ታሪኩን አያውቁም ነበር። ነገርኳቸው፤ ክትሩን፣ ክልከላውን፣ የአባቴን መሐላ። የጉላብን ማድጋ አልነገርኳቸውም፤ እሱ የእኔ ነው።

«እንዴት አለቀ?» አሉ።

«በስምንተኛው ወር አጎቴ አካፋ ይዞ ከዛፉ ሥር ቆመ። ‹ክትሩን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ደፍኜዋለሁ። የደፈንኩበት አካፋ ይኸውና› አለ። ሌላ አልጨመረም። ማታውኑ ከጉድጓዱ ቀዳን።»

«ተዋረደ?»

«የተዋረደው ስምንቱን ወር ነው። ከተናገረ በኋላ ጋያውን ሰጡት።»

ሀጂ እጃቸውን ታጠቡ። ቀስ ብለው ታጠቡ። ከዚያ ጓዳው ድረስ ሄደው ራሳቸው በሩን ከፈቱ።

«ዋጃሀትን ጥራው» አሉ። «ዓርብ የሚባለውን ነገር ይንቀልልኝ። አንተም ቆርቆሮህን አምጣ።»

ሰኞ ማለዳ ስድስቱን ቆርቆሮ መሬት ላይ ዘረገፍኩ። ሳፉራ ሰባቱን ሠራተኞቿን ይዛ መጣች። ሥራ የለም፤ እጅ አለ። እያንዳንዱን ካርድ ያሳዩኛል፣ እኔ እመድባለሁ። ሙት። የተዘጋ ድርጅት። በትርኢቱ ለጨዋነት ካርድ ሰጥቶ የሄደ። ሣጥን የላክንለት።

«ይሄስ ቻቻ?» ይላል ከሳፉራ ሠራተኞች አንዱ ብረት ሞራጅ።

«መጋዘኑ ተቃጥሎ ዘግቷል። ሙት።»

«ይሄ?»

«ሣጥን ልከንለታል። ሁለት። አንዱን መልሶታል።»

«ቻቻ፣ ይሄንን ሁሉ ጭንቅላትዎ ውስጥ ይዘው ሚስትዎን ስሟን ያስታውሳሉ?»

«እሷ ታስታውሰኛለች። ቀጥል።»

ማክሰኞ ቀትር አበቃን። ከዘጠኝ ሺህ አራት መቶው ስድስት መቶ ስምንት ቀረ። ሙታኑ ብቻቸውን አንድ ቆርቆሮ ሞሉ።

ሀጂ ደብዳቤውን ሊያስጽፉ ተቀመጡ። «እጅግ ለተከበራችሁ፣ ለተመሰገናችሁ፣ ሰላማችሁ እንደ ቼናብ ወንዝ ይፍሰስና...»

«ሀጂ ሳሂብ፣» አለ ዋጃሀት፣ «ይሄኛውም እንደ ሰላምታው ይቆጠርብናል።»

ሳፉራ ሳቀች። በስምንት ቀን ውስጥ ስትስቅ ያን ጊዜ አየኋት። ሀጂ ተቆጥተው አዩዋት፤ ከዚያ እሳቸውም ሳቁ።

«እሺ። እንደ ሜህር ዲን አጎት ጻፈው።»

የተጻፈው ይህ ነው፦ «ሰላምታውን የላክሁት እኔ ታጃሙል ነኝ። የተቀባዮቹን ፈቃድ አልጠየቅሁም። የአሥራ አንዱን ቤት ስም ሳላማክራቸው የጨመርኩት እኔ ነኝ። አሥሩ ምንም አላደረጉም። መላኩን አቁሜአለሁ። አድራሻዎቹን አጥፍቼ ሣጥን የላክንላቸውን ስድስት መቶ ስምንት ብቻ አስቀርቻለሁ።» ሀጂ አስነብበው ሰሙ። «ላክ» አሉ። ዋጃሀት ላከ። ማንም ሌላ ማመልከቻ እንዳይልክ ሀጂ በየወርክሾፑ ራሳቸው እየዞሩ አስጠነቀቁ። የሠሩትንም ጥፋት በየደጁ ነገሩ። ያን ዕለት የሳቀባቸው አልነበረም።

ረቡዕ ጠዋት መልስ መጣ። አንድ ጥያቄ ነበር፦ የቀሩት ስድስት መቶ ስምንት ሰዎች ሰላምታ እንደሚፈልጉ በምን አወቃችሁ?

ዋጃሀት ወደ እኔ አየ።

«አላወቅንም» አልኩ። «ዕቃ መግዛታቸውን ነው የማውቀው።»

ሀጂ ጢማቸውን ዳበሱ። «ሰላም ላለህ መልስ ትመልሳለህ። ሃይማኖታችንም የሚያዘው ይህንኑ ነው። ከእንግዲህ እነሱ ቀድመው ሰላም ካሉን እንመልሳለን። ካላሉን ዝም። እንዲያ ብለህ ጻፍ።»

ጻፈ። ረቡዕ በዚሁ መሸ።

ሐሙስ ከማለዳው ጀምሮ ሳፉራ ከዋጃሀት አጠገብ ተቀምጣለች። ደብዳቤዋ ተዘጋጅቷል። ከደጁ ውጭ የአሥራ አንዱ ቤት ሰዎች ጥላ ፍለጋ ግድግዳውን ተጠግተው ቆመዋል። መብራት ስለጠፋ መዶሻ የሚያነሣ የለም። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ዋጃሀት ጮኸ።

«ከመዝገቡ ወጥተናል! ቁጥሩም ስሞቹም!»

ሳፉራ ላከች። ሰባት ሰዓት ከአሥር ላይ ተመለሰ።

«ወጥተናል አላልክም?» ሀጂ ጮኹ።

«ወጥተናል! ግን መዝገቡን የሚያነቡት ሁሉ በአንድ ደቂቃ አያነቡትም። ወሬው እስኪዳረስ ነው።»

ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ እንደገና ላከች። ተመለሰ። ሀጂ መቁጠሪያቸውን አወጡ። ዋጃሀት የኮምፒውተሩን ባትሪ አይቶ የማያውን ብርሃን ቀነሰ።

«የምድጃውን ቁልፍ ለማን ልስጥ?» አለች ሳፉራ በቀስታ። ለማንም አልነበረም የተናገረችው።

«ለማንም አትስጪ» አልኩ። «ሽማግሌዎቹ ክልከላው ተነሣ ካሉ በኋላም ጉድጓዱ ላይ ያለችው ሴት አላመነችንም ነበር። ከቤቷ መልእክት እስኪመጣላት ባልዲዋን ይዛ ቆመች። ትንሽ ቆይተሽ ላኪ።»

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ላከች። አልተመለሰም። አምስት ደቂቃ። አሥር። ሃያ። በክፍሉ ውስጥ የሀጂ መቁጠሪያ ብቻ ይሰማል።

ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ላይ ከኖርዌይ መልስ ገባ። ሳፉራ ራሷ አነበበችው። ከዚያ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች፤ ለጎዳናው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ተናገረች።

«ደርሷል! ተቀብለውታል! ሥራው የእኛ ነው!»

ጎዳናው ፈነዳ። ማን እንደጀመረ አላውቅም፤ አንዱ ሮጦ ገብቶ መዶሻውን መስፍ ላይ መታ። ሌላው ተከተለ። አሥራ አንዱም ቤት ባዶ መስፍ መምታት ጀመረ። ብረት የለም፣ እሳት የለም፣ መዶሻና መስፍ ብቻ። ለሦስት ሳምንት ዝም ያለ ጎዳና ነበር። ዋጃሀት በዚያ ሆዱ ሲጨፍር ያየ ከሥሩ ላለችው ምድር ያዝንላታል። ሀጂ ጃሌቢ የሚባለውን ጣፋጭ አስመጡ፤ ለሁሉም በእጃቸው አደሉ። ሳፉራ ዘንድ ሲደርሱ ሁለት እጥፍ ሰጧት።

«ከዚህ በኋላ ስምሽን ሳላስፈቅድሽ በጸሎቴም አላነሣውም» አሏት።

«በጸሎቱ ይቀጥሉ ሀጂ ሳሂብ። በኢሜይሉ ነው ይቅርብኝ ያልኩት።»

እኔ ጃሌቢውን አልነካሁም። ወደ ቤቴ ሄድኩ። ማድጋውን አወረድኩ። የእናቴ ማድጋ ነው፤ ጉላብ ያመጡልን የነበረውን ውኃ የምንገለብጥበት። ወደ መስጊዱ ግቢ ወስጄ ከእጅ ፓምፑ ሞላሁት። በትከሻዬ ተሸከምኩት። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከባድ ነበር። በጓሮ የሚያስገባ አቋራጭ መንገድ አለ። በዋናው በር ገባሁ።

«ቻቻ፣ ውኃ መሸጥ ጀመሩ እንዴ?» አለ አንዱ።

«ጥግ ያዝ» አልኩት።

ሳፉራ ደጅ ደርሼ ማድጋውን አስቀመጥኩ። ወጣች። ሠራተኞቿም ተከትለዋት ወጡ።

«ምንድን ነው ይሄ ቻቻ? በዚህ ፀሐይ?»

«የአያትሽ ነው።»

ያን ጊዜ ነገርኳት። ብዙ ቃል አልፈጀም። ዛፉን፣ መንገዱን፣ ስምንቱን ወር፣ የአባቴን ኑዛዜ። አላቋረጠችኝም።

«ፍየል ብወስድላቸው አልቀበል አሉኝ» አልኩ። «ውኃ ይሸጣል እንዴ እያሉ።»

«አይሸጥም» አለች።

ጣሳ አመጣች። ቀድታ ቆማ ጠጣች፤ እስከ መጨረሻው ጠብታ። ለሞራጆቹ ሰጠች፤ ሰባቱም ጠጡ። ሀጂ ከማዶ አይተው መጡ፤ እሳቸውም ጠየቁ፣ ጠጡ። በመጨረሻ አንድ ጣሳ ቀርቶ ነበር። ለእኔ ቀዳችልኝ።

ጠጣሁ። ከዚያ ባዶውን ማድጋ በትከሻዬ አድርጌ በዋናው በር ወጣሁ።